ከድምፁ የቀደመው

እመኑኝ ብዬ አልምልላችሁም። ብዙ የሚምል ሰው ደስ አይለኝም።

ግን ሆኗል።

ጥር ውስጥ ነው፤ ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ድፍን ቀትር። ቦታው ላሊበላ፣ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር።

እዚህ ቻናል ላይ የምታነቡት አስፈሪ ታሪክ ሁሌ ሌሊት ነው፤ ሁሌ መብራት ጠፍቷል፤ ሁሌ ውሻ ያላዝናል። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ልብስ በየአጥሩ ተሰጥቷል። ሰው ምሳውን ሊበላ እጁን እየታጠበ ነበር።

የደረሰው በአክስቴ ልጅ በሰርካለም ላይ ነው። አብዛኛውን እሷ ራሷ በሹክሹክታ ነግራኛለች። የቀረውን በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን ዛሬ እንደምጽፈው ደግሞ ስጨርስ ይገባችኋል።

ሰርካለም የምትኖረው ከታናሽ ወንድሟ ከምስጋኑ ጋር ነው። እናት አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ያሳደገችው እሷ ናት። የወተት ጥርሱ ሲነቀል ጣሪያ ላይ የወረወረችለት እሷ፤ ትምህርት ቤት ሲደባደብ ተጠርታ የምትወቀሰው እሷ። ባል ሲመጣላት «መጀመሪያ እሱ ይቁምልኝ» እያለች መለሰች። ከዚህ ዓለም ያላት እሱ ብቻ ነበር፤ እሷም አትደብቀውም።

ምስጋኑ በቅሎ ጎታች ነው። ቱሪስቶችን በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ያወጣል። መንገዱን የወጣችሁበት ታውቁታላችሁ። በአንድ በኩል ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ምንም።

በቅሎዋ ሸጋ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ሰው አመሏን ሳያይ ነው ያወጣው።

በቅሎ ጎታቾች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። መጎተቻውን ገመድ በመዳፍህ ትይዘዋለህ እንጂ አንጓህ ላይ አትጠመጥመውም። በቅሎዋ ከደነበረች ትለቀዋለህ። እሷ ትሄዳለች፣ አንተ ትቀራለህ።

ምስጋኑ ግን ይጠመጥመዋል። አንድ ጊዜ ሸጋ እንግዳ ተሸክማ አምልጣው ስለነበር ጓደኞቹ ስቀውበታል። ከዚያ ወዲህ ገመዱ ከአንጓው አይወርድም።

«አትጠምጥመው ብዬሃለሁ» ትለዋለች ሰርካለም በየጠዋቱ።

«እሺ።»

ይጠመጥመዋል።

በዚያ ሰሞን ሰማያችን ሰላም አልነበረም። ደመና በሌለበት ድንገት ዷ... ዷ! ይላል። ቆርቆሮ ይርገፈገፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል። አንዳንዱ ተራራ ተናደ አለ። አንዳንዱ ጦርነቱ ተመልሶ መጣ ብሎ ዱቄት ሸመተ። የማን አውሮፕላን እንደሆነ ማንም አልነገረን፤ እኛም መጠየቅ ካቆምን ቆይተናል።

ነገሩን ያስረዱን ጋሽ አድማሴ ናቸው። ድሮ ደብረ ዘይት የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ባጃጅ ማቆሚያው ጥላ ሥር ይውላሉ። ሰርካለምና ምስጋኑም ነበሩ፤ እኔም ነበርኩ።

«ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ነው» አሉን። «ድምፅ የራሱ ርምጃ አለው፤ ከዚያ በላይ ሩጥ ብትለው አይሮጥም። ዝግ ያለ አውሮፕላን ሲመጣ ድምፁ ይቀድመዋል። ከሩቅ ትሰማለህ፣ ቀና ትላለህ፣ ይመጣል። ይኼኛው ግን ድምፁን ጥሎት ይሄዳል። የተጣለው ድምፅ ይነባበርና አንድ ላይ ይወርድብሃል። ሮኬትም ያው ነው።»

ምስጋኑ ሳቀ። «ጋሼ ደግሞ! ድምፅም ይቀደማል?»

«ለቡሄ ጅራፍ አላጮህክም? ማንን መትቶ ነው የሚጮኸው? ጫፉ ከድምፅ ሲፈጥን እኮ ነው ጧ የሚለው።»

«እኛማ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ነው የምንለው» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን።

ሰርካለም አልሳቀችም። እሷ ነገር ከገባት እስከ ሥሩ ካልቆፈረች አትተውም።

«ለምንድን ነው ሁለቴ የሚጮኸው?»

«አንዱ ከአፍንጫው ነው፣ አንዱ ከጭራው። ተከታትለው ስለሚመጡ አንድ የሚመስለው ሰው አለ። ግን ሁለት ነው።»

«የሚጮኸው እኛ ላይ ሲደርስ ነው?»

«አይ አንቺ! በሄደበት አገር ሁሉ ድምፁን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ጋሸና ላለው ሰው ጋሸና ሲደርስ ጮኸ። ለእኛ እኛ ጋ ሲደርስ። ላልደረሰው ሰው ገና አልጮኸም።»

«ውስጥ ያለው ሰውዬስ?»

ጋሽ አድማሴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«እሱ አይሰማውም» አሉ። «ቀድሞታል።»

የዚያን ቀን ቀትር ላይ ሰርካለም ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ከሸጋ ኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ድልዳል በአዲስ ጥጥ እየሞላች ትሰፋለች። ምስጋኑ በጠዋት ሁለት እንግዶች ይዞ ከጓደኛው ጋር ወጥቷል። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይመለስም።

ቀና ስትል ሰማዩ ላይ ነጭ መስመር አየች።

ቀጭን ነው። ከጋሸና በኩል ተነሥቶ ወደ አሸተን ይሄዳል። ድምፅ የለውም።

ዶሮዎቹ መጫር አቆሙ።

ያኔ የግቢው በር ተከፈተ።

በሩ ቆርቆሮ ነው። ማጠፊያው ከዛገ ቆይቷል፤ ሲከፈት የሚያሰማው ጩኸት ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ያን ቀን ዝም አለ።

ምስጋኑ ገባ። አቧራ ለብሷል። ጠጠሩን ረግጦ በፊቷ አለፈና መደቡ ላይ ተቀመጠ። ኮቴው አልተሰማትም።

«ምነው በጊዜ?» አለችው።

ቀና ብሎ አያት።

«ሸጋስ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣውም።

ከዚያ መጣ...

ዷ...

ዷ!

መርፌው ጣቷ ውስጥ ገባ። ጆሮዋ ጭው አለ። የቤቱ ክዳን ብዙ ቆይቶ ጸጥ አለ።

እና በሩ ጮኸ።

ሲጥጥጥ... ብሎ፤ እንደ ሁልጊዜው። በሩን አየችው። አልተንቀሳቀሰም።

ቀጥሎ ጠጠሩ ኮሽ አለ። ኮሽ... ኮሽ... ኮሽ። ከበሩ ተነሥቶ በፊቷ አለፈና መደቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። የሚራመድ ሰው አልነበረም። ምስጋኑ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አፉን ገጥሞ ተቀምጧል።

አፉ እንደተገጠመ ድምፁ መጣ።

«ውኃ ስጪኝ።»

ጆሮዬ ነው፣ አለች ለራሷ። ፍንዳታው ጆሮዬን ነክቶታል። መፍራት የማይፈልግ ሰው ምክንያት አያጣም።

ውኃ በጣሳ ሰጠችው። ተቀበላት፣ አልጠጣም። ጣሳውን ሲቀበል ነው አንጓውን ያየችው። ገመዱ ሦስት ዙር ተጠምጥሞበታል። ጫፉ ተበጥሶ ተበታትኗል።

«አትጠምጥመው አላልኩህም?»

አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጠበቀች፣ ጠበቀችና ተስፋ ቆርጣ ወደ ጓዳ ገባች። «እሺ» የሚለው ቃል የደረሳት ጓዳ ውስጥ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቷ ሰብሌ በሩ ላይ መጣች። አልገባችም። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰርኬ... ብቻሽን ነሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ከምስጋኑ ጋር ነኝ።»

ሰብሌ መደቡን አየች። ሰርካለምን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጫን አድርጋ ዞራ ሄደች።

ቀጥሎ አብደላ መጣ። ባጃጅ ነጂ ነው፣ የምስጋኑ የልብ ወዳጅ። እሱም ከበሩ አላለፈም። መሬት መሬት ያያል።

«እህቴ፣ ስልክሽን አውሺኝ እስኪ። ካርድ አልቆብኛል።»

ሰጠችው። ይዞት ሄደ፣ አልመለሰውም።

አብደላን የላክነው እኛ ነን።

እኛ ሀገር መርዶ እንዲህ ነው። አገር ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው ባለቤቱ የሚሰማው። ስልኳን በሰበብ እንወስዳለን፤ አፈ ሰፊውን ልጅ ከመንገድ እናስገባለን፤ ፊታችን እንዳያሳብቅ ከደጇ እንርቃለን። ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ሄደን እንነግራታለን። ያችን አንድ ሌሊት እንኳ ትተኛ ተብሎ ነው። ክፋት የለበትም።

ያኛው ፍንዳታ አሸተን መንገድ ላይ ሲደርስ ሸጋ ደንብራ ነበር። እንግዶቹ ወርደው ፎቶ ያነሡ ነበርና ተርፈዋል። ጓደኛው የራሱን በቅሎ ገመድ ለቀቀ። ምስጋኑ መልቀቅ አልቻለም፤ ገመዱ አንጓው ላይ ነበር። በቅሎዋ ወደ ገደሉ አፍ ጎትታው ገመዱ ተበጠሰ። እሷ ቀረች፣ እሱ ሄደ።

ልብ በሉልኝ። ምስጋኑ የሞተው ፍንዳታው ተራራው ላይ ሲጮኽ ነው። ያው ድምፅ ሰርካለም ጋ ወርዶ ሲጮኽ፣ እሱ ቀድሞት መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ወንዶቹ ሬሳውን ሊያወጡ ገደል ሲወርዱ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሸጋ ብቻዋን መጣች። ታነክሳለች። አንገቷ ላይ ቁራጭ ገመድ ተንጠልጥሏል። ሰርካለም በሩን ከፈተችላት። በቅሎዋ አንገቷን አስገብታ መደቡን አየች። ጆሮዋን አጠፈች። ከዚያ ሳትዞር፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየረገጠች ከደጁ ራቀች።

ሰርካለም የገመዱን ጫፍ አየች። ዞራ የወንድሟን አንጓ አየች።

ገባት።

«ያኔ ያለቀስኩ እንዳይመስልሽ» ብላኛለች። «ምንም አልተሰማኝም። ሰውነቴ ደነዘዘ። አንድ ነገር ብቻ ነው የታሰበኝ።»

ላልደረሰው ሰው ገና አልጮኸም።

የቆርቆሮውን በር ቀረቀረችው፤ ድንጋይም አስደገፈችበት። ድልዳሉን በመቀስ ቀደደችና ጥጡን አውጥታ ሁለቱንም ጆሮዋን ጠቀጠቀችበት። ከዚያ ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። ከፊት የነፍስ አባቷ አባ ገብረ መስቀል አሉ። አንኳኳን። ጠራናት። አልከፈተችም። መቼም ይሰማታል ብለን እዚያው ደጇ ላይ እሪ አልን፤ አልቃሿም ሙሾውን አወረደችው።

ቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳዎች አሉ። በአንዱ ዓይኗን አየሁት። አፋችንን እያየች ነበር፤ አንዱን አፍ ትታ ሌላውን። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አባታችን፣ በሩን እንስበረው?» አለ አብደላ ዓይኑን እየጠረገ።

«ተዋት ልጄ» አሉት። «ጊዜ ስጧት።»

ያለ እሷ ቀበርነው። የገነዙት ሰዎች ነገሩን፤ አንጓው ላይ ገመዱ የበላው ምልክት ነበር። ገመዱ ግን አልነበረም። ገደሉ ውስጥም ፈልገው አጡት።

ከዚያ ወዲህ ሰርካለም ከግቢዋ አልወጣችም። የምትከፍተው ለእኔ ብቻ ነው፤ የመርዶውን ቃል ላልናገር ምዬ። ምግብ አደርስላታለሁ። እኔ ስገባ መደቡ ባዶ ነው፤ በውኃ የተሞላ ጣሳ ብቻ አለበት። ዳሩ ግን እሱ ያለበት ይመስል ጎኑን ለቃ ነው የምትቀመጠው። እንኳን ልታዝን፣ አንዳንዴ ስታየው ፈገግ ትላለች። እኔን የከበደኝ ፈገግታዋ ነው።

«እንዴት ነው?» እላታለሁ በከንፈሬ።

«ደህና ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ። «ብቻ እየራቀ ነው። ጠዋት ያለኝን ማታ ነው የምሰማው።»

«በዚህ ጥጥ?»

«የእሱን ጥጥ አያግደውም።»

አንድ ቀን ሽሮ ይዤላት ሄድኩ። ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ከዚያ... «አስቀምጪው» የሚለው ድምፅ መጣ።

ጆሮዬ ነው፣ አልኩ ለራሴ።

በሌላው ቀን ሰሐኑ ከእጇ ወደቀ። ስብርባሪውን ለቅማ ስትጨርስ ነው የተሰበረበት ድምፅ የደረሰኝ። ያኔ ጋሽ አድማሴ ያሉት ትዝ አለኝ። አንዱ ከአፍንጫው፣ አንዱ ከጭራው። አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ሁለተኛው እሷ እንዳትሆን ፈራሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

ዛሬ...

ዛሬ ቀትር ላይ ቤቴ ደጅ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ቀና ስል ነጭ መስመር አየሁ።

የእኔ ግቢ በር እንጨት ነው። ሰው ሲገባ እንድሰማ ብዬ ባዶ ጣሳ አንጠልጥዬበታለሁ። ጣሳው ዝም አለ።

ሰርካለም ገባች።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ወጣችልኝ አልኩ። ጆሮዋ ላይ ጥጥ የለም። በፊቴ አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። ተከትያት ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«ወጣሽ?» አልኳት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ዷ...

ዷ!

የጣራው አቧራ ረገፈ። ጸጥ ሲል፣ በሩ ላይ ያለው ጣሳ ተንቃጨለ። ቀጥሎ ኮቴ። ከደጅ ተነሥቶ፣ አጠገቤ አልፎ፣ መደቡ ጋ ቆመ።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ሰው በሩ ላይ መጣ። አብደላ ነው። አልገባም። መሬት መሬት ያያል።

«ፍሬ...» አለኝ። «ስልክሽን አውሺኝ እስኪ። ካርድ አልቆብኛል።»

«እየጻፍኩበት ነው» አልኩት።

«አብሽሪ» አለኝ።

ያላለቀሰ ሰው አብሽሪ ይባላል?

እዚያው ቆሟል፤ ሄዶም አልሄደ። ከኋላው ሰብሌ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታልፍ አየኋት። ገብቼ የቤቱን በር ቀረቀርኩ። ትራሴን ቀድጄዋለሁ፤ ጥጡ አጠገቤ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። እየጻፍኩ እስካለሁ ድረስ ስልኩን አይወስድብኝም፤ ስልኩን ካልወሰደ ምንም አልሆነም።

አላለቀስኩም። ሰርካለም እንደነገረችኝ ነው፤ ይደነዝዛል እንጂ አያምም።

ሰርካለም ከፊቴ ናት። ውኃ ሰጥቻት ጣሳውን ይዛዋለች። «ወጣሽ?» ላልኳት የመለሰችልኝ ገና አልደረሰም።

አሁን ፈቀቅ አለች።

ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። እያየችኝ፣ ፈገግ ብላ፣ መደቡን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው።

ድምፁን እየጠበቅኩ ነው።